ለጭጋግ የተተከለ ድንኳን

ከበበ ከእንጦጦ በጫካው መንገድ ወርዶ ወደ ቤቱ ሲታጠፍ የእድሩ ድንኳን እስከ ግማሽ ቆሞ አገኘው። ሁለት ጎረምሶች ካስማ ይመታሉ። ሴቶቹ አጥሩ ሥር ጉልቻ ጎልተው ትልቁን የንፍሮ ድስት ጥደዋል። አግዳሚ ወንበሮቹ ከጎረቤቱ ከሚልኬሳ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ እየወረዱ ነው። ድንኳኑ የቆመው ደግሞ በማንም በር አይደለም፤ በእሱ በር ነው።

ባለበት ቀረ። የሚሠራበት የችግኝ ጣቢያ ጭቃ ከቦቲው ላይ ገና አልደረቀም።

“ማን ሞተ?” አለ።

ካስማ የሚመታው ጎረምሳ መዶሻውን ሽቅብ እንደያዘ ደረቀ። ሴቶቹ ተያዩ። ጥያቄው ከሌላ ሰው ቢመጣ ማንንም ባልደነቀ፤ ከከበበ አፍ መውጣቱ ነው ነገሩ። በጉራራ ዳገት ማን እንደሞተ የሚናገረው ከበበ ነዋ። ሃያ ሁለት ዓመት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነው። ሲነፋ ሱሉልታ ድረስ ይሰማል የሚሉ አሉ፤ እንዲያውም አንድ የሱሉልታ ሰውዬ የራሱ እድር መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጋራውን ተሻግሮ መጥቶ፣ አልቅሶ፣ ንፍሮውን በልቶ፣ የማን ለቅሶ እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ተመለሰ ይባላል። ከበበ በሥራው ቀልድ አያውቅም። ስም፣ ቤት፣ የቀብር ሰዓት፤ ሦስቱን ተናግሮ ያልፋል። እድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ከከፈተ ወዲህም ከጡሩምባው ቀጥሎ ያችኑ ሦስት ነገር በድምፅ ይልካል እንጂ አንድ ቃል አይጨምርም። ሲያለቅስ ያየው የለም። የገዛ እናቱ የሞተች ቀን ራሱ ነፍቶ፣ ራሱ ለፍፎ፣ ቤት ገብቶ ጫማውን ጠረገ።

“ራሱን ስቷል” አለች ጎረቤቱ ዳርቱ ለባሏ ለሚልኬሳ በኦሮምኛ። ከዚያ ወደ ከበበ ዞራ በአማርኛ፣ “ና ወንድሜ፣ ና ቁጭ በል። ቆመህ አትጠይቅ” አለችው።

በግራና በቀኝ ደግፈው የሐዘንተኛው ቦታ ላይ አስቀመጡት። ጋቢ ደረቡለት። እሱ ግን ዓይኑን ከቤቱ በር ላይ አልነቀለም። በሩ ከውጭ ተቆልፏል፤ ከውስጥ ስልክ ይጮኻል። የሚስቱ የዘቢደር ስልክ ነው። ትናንት ከሰዓት የልጅ ልጃቸውን አተኩሶት ልጃቸው ሰላማዊት ጋ ወደ አያት ስትሄድ ቻርጅ ላይ ረስታው ነው የሄደችው። ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። የሰፈሩ ሰው ጠዋቱን ሙሉ ከውጭ ይደውላል፣ ስልኩ ከውስጥ ይጮኻል፣ ሴቶቹም ይኸው አላነሳችም እያሉ እንደ አዲስ ያለቅሳሉ።

“ዘቢደር ናት?” አለ ከበበ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም። አፉ ደረቀ፤ ዓይኑም ደረቀ።

የእድሩ ዳኛ አቶ ዓምደ ሚካኤል አጠገቡ መጥተው ተቀመጡ። ጡረታ እስኪወጡ መዝገብ ቤት የሠሩ፣ ከወረቀት በላይ ሰውን የማያምኑ ሽማግሌ ናቸው።

“ከበበ፣ አንተው አይደለህ እንዴ ጠዋት የነገርከን?” አሉት በዝግታ። “ስም አልጠራህም። ሰዓትም አልተናገርክ። ግን ስታለቅስ ስንሰማ የማን ሞት እንደሆነ ማን ይጠፋዋል?”

ስልካቸውን አውጥተው ተጫኑት። የከበበ ድምፅ ከትንሿ ሣጥን ውስጥ ሳጉን እየዋጠ ወጣ።

“አልቻልኩም። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ድምፄ እምቢ ብሎኝ ነው። ንጋት ላይ ጥላው ሄደች። አንድም ቀን ሳይነግራት ሄደች። ልፈርድበት ነበር፤ ግን በምን አፌ? ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬያት ስኖር እኔስ ምን ነገርኳት? ጨው አነሰው አልኳት። በሩን ዝጊ አልኳት። ስሟን ጠርቼ እወድሻለሁ ያልኩበት ቀን…”

“ይብቃ፣ ይዝጉት” አለ ከበበ።

ዘጉት። በዚያች ቅጽበት ሁለት ነገር አንድ ላይ ገባው። አንደኛው፣ ዘቢደር አልሞተችም። ሁለተኛው፣ እሱ ቢሞት ይሻለው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ሰላማዊት አሮጌ ስልኳን ስትሰጠው ቴሌግራሙ ውስጥ በየሳምንቱ ልቦለድ በክፍል በክፍል የሚለቅ አንድ ቻናል ሳይጠፋ ቀርቶ ነበር። ከበበ ትምህርቱ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። በመጀመሪያ ቀን ጣቱን በየቃሉ ሥር እየሰደደ ያነበበው ሊስቅበት ነው። “ጭጋጉ ባሌ” ይላል ርዕሱ። እንጨት ለቃሚዋ ሰርክአዲስ ከጋራው ላይ ጎህ ሲቀድ ከጭጋግ ውስጥ የሚወጣ ወንድ ታገባለች። ጠዋት ጠዋት ሰው ነው፤ ፀሐይ ስትበረታ ይተናል። ደግሞ አንዲት ቃል ከተናገረ ለዘላለም ይበተናል። ስለዚህ ዝም ብሎ ይወዳታል። እሷ ደግሞ ስለማይናገር አይወደኝም ብላ ታስባለች።

ሰው ጭጋግ አገባ ብሎ ከበበ ብቻውን ከት ብሎ ሳቀ። በሦስተኛው ክፍል ሳቁን አቆመ። በዐሥረኛው፣ የችግኝ ጣቢያውን የጠዋት ተራ ማንም የማይፈልገውን እየለመነ ይወስድ ጀመር፤ ምክንያቱም ጭጋጉ ከእንጦጦ ማርያም በታች ባሉት ባሕር ዛፎች መሀል ሲወርድ ስልኩን ይዞ መቀመጥ አማረው። በሃያኛው፣ ጭጋጉ ሲመጣ ኮፍያውን ማንሳት ያዘ። ይህን ያየ ሰው ቢኖር ከበበ ሰፈር መልቀቅ ነበረበት። ለዘቢደር እንኳን ትንፍሽ አላለም። ዋይፋይ በሌለበት አገር ምን ታያለህ ስትለው የማዳበሪያ ትምህርት ነው ይላታል።

የዛሬው አርባ ሁለተኛው ክፍል ነበር። ሰርክአዲስ ታመመች። ጭጋጉ ሌሊቱን ከደጃፏ ሳይጠፋ አድሮ፣ ልንገራት ወይስ አብሬያት ልቆይ ሲል፣ ሳይናገር ነጋ፤ ሞተች። ከሥር ደግሞ፣ የተሰማችሁን በድምፅ ላኩልን ይላል። ከበበ ከዚህ በፊት ለቻናሉ ከአውራ ጣት ምልክት በቀር ልኮ አያውቅም። ዛሬ ግን በጭቃ ጣቱ ተጫነና ደረቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ወጣ። የላከው ወደ ልቦለዱ ቻናል መስሎት ነበር። ከዝርዝሩ ላይ ከቻናሉ በላይ ያለው የእድሩ ግሩፕ ነው፤ ጣቱ ያረፈው እዚያ ነበር። እንደላከ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ።

እንግዲህ በዚያ ሰዓት፣ ገና ድንኳኑ በግማሽ እያለ፣ ተነስቶ ተሳስቼ ነው ማለት ይችል ነበር። አፉን ከፈተ። ፊት ለፊቱ አርባ ያህል ሰው ተቀምጧል። ከቤቱ በላይ ያሉት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ከቤቱ በታች ያሉት የወፍጮ ቤት ጎረምሶች፣ የቀበራቸው ሰዎች ልጆች። ምን ይበላቸው? ጭጋግ ሚስቱ ሞታበት አለቀስኩ? አፉን መልሶ ዘጋ። ሰዎቹ እየመጡ ትከሻውን ይዘው ያጽናኑታል፣ እሱም እግዜር ይስጥልኝ ይላል። በሕይወት ላለች ሚስቱ ሐዘን ተቀበለ። አንዷ አሮጊት እግሩ ሥር ወድቃ ዘቢደር የሰጠቻትን ጎመን ሁሉ እየቆጠረች ስታለቅስ፣ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ሳበው። ሐዘን መሰላቸው። ሐዘን አልነበረም፤ ፊቱ እንደ ቃሪያ እየነደደ ነበር።

“አስከሬኑስ የት ነው?” አሉ አቶ ዓምደ ሚካኤል።

“አያት ናት። ሰላማዊት ጋ” አለ ከበበ። ውሸት አልነበረም። ከውሸት ግን ይብስ ነበር።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። እንኳን ለሰላማዊት አልደወልን አሉ። ጠዋት ሚልኬሳ ሊደውልላት ሲል የከለከሉት እሳቸው ናቸው፤ ልጅ የእናቷን ሞት በስልክ አትረዳም፣ መርዶ ሽማግሌ ሄዶ ነው የሚነግረው ብለው። ባይከለክሉ ኖሮ ነገሩ በአንድ ደቂቃ ባለቀ ነበር። አሁን ሦስት ሽማግሌ መርጠው፣ አስከሬኑ እሷ ጋ ካለ ሰላማዊት ታውቃለች፣ ቢሆንም ወግ ነው፣ ሄደን እናጽናናት፣ አስከሬኑንም እናምጣ አሉ። ሚልኬሳ ሚኒባሱን አስነሳ።

ከበበ የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ተነሳ። ልጁ በሯን ከፍታ ሦስት ሽማግሌ ነጠላ አዘቅዝቀው ስታይ ታየው።

“ቆዩ” አለ።

“አንተ አትመጣም፣ አቅም የለህም” አሉት።

“ቆዩ ነው የምላችሁ። እሷ…” አለና አቋረጠው። ከበበ ሃያ ሁለት ዓመት ለዚህ ሕዝብ ሲናገር እንዲህ ቃል አጥሮት አያውቅም።

ያን ጊዜ ነው ከታች፣ ከመታጠፊያው ላይ፣ ጩኸት የተሰማው።

ዘቢደር ነበረች። ከአያት በባቡር መገናኛ፣ ከመገናኛ በታክሲ መጥታ፣ የቀረውን ዳገት ብርቱካን በፌስታል ይዛ ስትወጣ ድንኳኑን በራሷ በር ላይ አየች። በራሷ በር ላይ ድንኳን ያየች ሴት ስንት ሰው ትቆጥራለች? እቤት የቀረው አንድ ሰው ነው። ፌስታሉን ለቀቀችው። ብርቱካኑ ዳገቱን ቁልቁል ተንከባለለ፤ አንዱ እስከ ታችኛው ድልድይ ደርሷል ይላሉ፣ እኔ አላየሁም።

“ከቤ” እያለች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትሮጣለች። “ከቤን፣ ከቤዬን፣ ምን ነካብኝ!”

ከቤ ብላ መጨረሻ የጠራችው በሙሽርነታቸው ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰላማዊት አባት ነው የምትለው።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነሳ። አሮጊቷ አማተበች። ዳርቱ የንፍሮ ጭልፋዋን እንደያዘች ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ዘቢደር ሰዉን እየገፋች መጥታ፣ ጋቢ ተከናንቦ የቆመውን ባሏን ስታይ በድንገት ቆመች። እጇን ወደ ፊቱ ሰደደች፤ ጉንጩን ነካችው። ከዚያ ሰዉን ዞር ብላ አየች።

“ታዲያ የሞተው ማነው?” አለች።

አርባው ሰው አንድ ላይ ዞሮ ከበበን አየ።

ያን ጊዜ የወረደበትን ኀፍረት ሳያይ የቀረ ሰው እድለኛ ነው። ካስማ ሲመታ የነበረው ጎረምሳ መሳቅ ጀምሮ፣ የአቶ ዓምደ ሚካኤልን ዓይን አይቶ ዋጠው። ሽማግሌው ከበበን በክንዱ ይዘው ከሚኒባሱ ጀርባ ወሰዱት። የከበበን ስልክ ሚልኬሳ ከመኪናው ቻርጅ ላይ ሰክቶለት ነበርና በርቷል፤ ከበበ ነቅሎ ያዘው። ከበበ እዚያ፣ ጎማው ላይ ዓይኑን ተክሎ፣ ልቦለዱን፣ ጭጋጉን፣ ሁሉንም ነገራቸው። ሽማግሌው እስኪጨርስ አላቋረጡትም።

“ይህንን ሁለተኛ ለማንም እንዳትናገር” አሉ ሲጨርስ። “ስምህን ቢያጠፋስ? ነገ እውነተኛ ሰው ሲሞት አንተ ስትለፍፍ፣ ይሄ ደግሞ የትኛው ልቦለድ ነው ይሉሃል። ጡሩምባውን ከእጅህ ይወስዱታል። እኔም ላስጥልህ አልችልም።”

“ታዲያ ምን ልበል?”

“ስልኬ ተጠልፏል በል። ዘንድሮ የሰው ድምፅ አስመስሎ የሚሠራ ማሽን መጥቷል ይላሉ፤ ልጆቹ ሁሉ የሚያወሩት ስለሱ ነው። ማሽኑ ነው በል። የጠዋቱን አጥፋና በሱ ፋንታ ይህንን ላክ። አለቀ።”

አለቀ። እንዲያ ቀላል ነበር። ከበበ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ታች ተነፈሰ።

ከሚኒባሱ ጀርባ ሲወጡ ዘቢደር በዳርቱ ስልክ ላይ ጎንበስ ብላለች። ድምፁን እያዳመጠች ነው፤ ከበበ ያስቆመውን ቦታ አልፋ፣ ማንም ልብ ያላለውን፣ ሐዘን ያመጣው መቀባጠር ነው ብለው የተዉትን መጨረሻውን።

“…እሱስ ቢናገር ይበተናል። እኔ ጭጋግ አይደለሁ፤ ምን ከለከለኝ?”

ዘቢደር መልሳ ከፈተችው። ሁለተኛ አዳመጠች። ከዚያ ስልኩን ለዳርቱ ሰጥታ ወደ ከበበ መጣች። ከበበ ያን ፊቷን ያውቀው ነበር፤ ግን ከስንት ዓመት በፊት እንደሆነ ረስቶታል።

“ይሄ ድምፅ ያንተ ነው?” አለችው።

ከበበ አቶ ዓምደ ሚካኤልን አየ።

“ስልኩ ተጠልፎ ነው፣ ወይዘሮ ዘቢደር” አሉ ሽማግሌው ቀድመው፣ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። “ማሽን ነው። የሰው ድምፅ የሚያስመስል።”

ሰዉ አጉረመረመ። ማሽን መሆኑን የሰሙ፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር የሚሉ አልጠፉም። ዳርቱ ብቻ ጭልፋዋን በወገቧ ይዛ፣ “እና ማሽኑ ጨው እንዳነሰው ከየት አወቀ?” አለች።

ዘቢደር ወደ ዳርቱ ዞረች።

“እሱስ” አለች። “እኔም ገርሞኝ ነበር።”

አልተቆጣችም። ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ ትከሻዋ ላይ አደረገችና ብርቱካኗን ልትለቅም ቁልቁል ወረደች። አንዱን አነሳች፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው። ሌላውን ለማንሳት ጎንበስ አለች። ከበበ ጀርባዋን ብቻ ነው የሚያየው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጎንበስ ስትል ያየው ጀርባ ነው፤ ዛሬ ግን እያየው መቆም አቃተው።

“በል እንግዲህ፣ ሰዉ ይበተን፤ ተናገር” አሉት አቶ ዓምደ ሚካኤል። “ስልኬ ተጠልፎ ነው። ሦስት ቃል።”

ከበበ የእድሩን ግሩፕ ከፈተ። የድምፁን ምልክት በአውራ ጣቱ ተጫነ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሚናገረው እንደ ሁልጊዜው ሞት በሚናገርበት ድምፁ ነው፤ ሌላ ድምፅ አልነበረውም።

“የጉራራ ዳገት እድር አባላት። ስም፣ ዘቢደር። ቤት፣ የእኔ ቤት። ቀብር የለም፤ በሕይወት አለች፣ ዳገቱ ላይ ብርቱካን እየለቀመች ነው። የጠዋቱ ድምፅ የማሽን አይደለም፤ የእኔ የከበበ ነው። ያስለቀሰኝ ስልክ ላይ የማነበው የጭጋግ ልቦለድ ነው። ስለ ዘቢደር ያልኩት ግን ልቦለድ አይደለም።”

ጣቱን አነሳ። ሄደ። አርባው ስልክ በየኪሱ፣ በየጉያው፣ ተራ በተራ ጢን ጢን አለ። ከዚያ የከበበ ድምፅ ከዚህም ከዚያም፣ አንዱ ካንዱ እየዘገየ፣ እንደገና መናገር ጀመረ። ጎረምሳው አሁን ሳቁን አልዋጠውም። እሱ ሲስቅ የወፍጮ ቤት ልጆቹ ሳቁ፣ እነሱ ሲስቁ አሮጊቷም ሳቀች። አንዱ ከኋላ፣ ጋሽ ከበበ፣ ሰልስቱስ መቼ ነው ሲል፣ ሌላው ጭጋጉ እድር ከፍሏል ወይ አለ። ከበበ ከጆሮው ጫፍ እስከ አንገቱ ቀላ። ዳርቱ ወደ ባሏ ዞራ፣ “ሰማህ፣ ሚልኬሳ? ጭጋግ እንኳን ይወዳል። አንተ ከምን ተሠርተህ ነው?” ስትል፣ ሚልኬሳ የሚኒባሱን ሞተር አጠፋና ከመኪናው አልወጣም።

ዘቢደር ከታች ቀና ብላ አላየችም። ግን ብርቱካን መልቀሟን አቁማ ቆማለች።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። “ያልኩህን አልሰማህም” አሉ። “ቢያንስ የጠዋቱን አጥፋው። ይህ ነገር ሰው እጅ ላይ ከቀረ የልጅ ልጅህ እስኪያገባ ይጫወቱብሃል።”

ልክ ናቸው። ከበበ የጠዋቱን ድምፅ በጣቱ ያዘው። ለሁሉም ይጥፋ ወይ የሚል ጥያቄ ወጣ። ጣቱ በላዩ ላይ ቆመ፤ ጭቃው ደርቆ ከጥፍሩ ሥር ነጭ ሆኗል። ሳቁ ገና አልበረደም።

ድምፁን ሳያጠፋ ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ከተተው። ጋቢውን አውልቆ ለሽማግሌው አስረከበና፣ በሰዉ መሀል አንገቱን ደፍቶ፣ ታች ድልድዩ ድረስ የሄደችውን ብርቱካን ሊያመጣ ወረደ።